ሰርቢያ ሣር ይዛ የመጣች ቀን

መቱ ውስጥ እስከ ዛሬ «ሰርቢያ» እያሉ የሚጠሩኝ ሰዎች አሉ። አንደኛው ከመናኸሪያው ፊት ለፊት ጨርቃ ጨርቅ የሚሸጠው የድሮ የክፍል ጓደኛዬ ነው። እኔም እሱን ኦስትሪያ እለዋለሁ። ሚስቱ መጀመሪያ የሰማች ቀን ስድብ መስሏት ፊቷን አጥቁራብኝ ነበር፤ አሁን ለምዳው፣ ልጆቿ ሲያስቸግሯት «ምን ይደረግ፣ የኦስትሪያ ዘር» ትላለች። ስሙን ያወጡልን አሥረኛ ክፍል ታሪክ ያስተማሩን መምህር ናቸው። ይህን የምጽፈው እሳቸው ስለሚናፍቁኝ ነው። ደግሞም በእሳቸው ላይ በደል ሠርቻለሁ ብዬ፣ ከሃያ ዓመት በላይ ለማንም ሳልናገር ስለኖርኩ ነው።

ጊዜው ክልሉ ተዋቅሮ ታናናሾቻችን በኦሮምኛ መማር ከጀመሩ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ነው። የእኛ መጽሐፍ በእንግሊዝኛ ነበር፣ ማብራሪያው በአማርኛ፣ ቀልዱና ቁጣው በኦሮምኛ። መጽሐፉም ቢሆን ለአራት ተማሪ አንድ ስለነበር፣ ከገጹ ይልቅ የመምህሩን አፍ ነበር የምናነበው። መቱን የሚያውቅ ሰው ደግሞ ዝናቧን ያውቃል። ቆርቆሮው ላይ ሲወርድ ጆሮ ያደነቁራል። ሌሎቹ መምህራን እየጮኹ ለማስተማር ሲታገሉ የእኛው ሰው ግን ጠመኔያቸውን አንስተው ሰሌዳው ላይ አንድ ጥያቄ ይጽፉና ቁጭ ይላሉ። ጥያቄው ሁልጊዜ በ«ለምን» የሚጀምር ነው። እስኪያባራ ማሰብ ነው እንግዲህ። ሲያባራ ቀና ብለው በኦሮምኛ «ማሊፍ?» ይላሉ፤ ለምን? ማለታቸው ነው። «ዝም ብሎ ሆነ» ያለ ተማሪ አለቀለት። ዝም ብሎ የሚሆን ነገር የለም ብለው እስከ ደወሉ ድረስ ያቆሙታል።

የዓለምን ታሪክ ከደጃችን ነበር የሚጀምሩት። አንድ ቀን የመቱ ሰው በአንዱ ዓመት ቤቱን ቆርቆሮ የሚያለብሰው፣ በሌላው ዓመት ደግሞ የልጁን ሠርግ የሚያስተላልፈው ለምንድን ነው ብለው ጠየቁን። እኛ ስለ ዝናቡ፣ ስለ ቡና በሽታ፣ ስለ ነጋዴ ተንኮል ለፈለፍን። እሳቸው ካርታው ላይ ብራዚልን ጠቆሙ። እዚያ ውርጭ ወርዶ ቡናውን ሲመታው እዚህ ዋጋ ይወጣል፤ እዚያ ምርቱ ሲትረፈረፍ እዚህ ሠርጉ ይተላለፋል አሉን። ከጎኔ የሚቀመጠው የቡና ነጋዴ ልጅ፣ የኋላው ኦስትሪያ፣ ይህን ለአባቱ ቢነግረው አባትየው እኔ በሠላሳ ዓመት ንግድ ያልደረስኩበትን ሰውየው ጠመኔ ይዘው ደረሱበት ብሎ ራሱን ነቀነቀ አሉ።

የሮማን መንግሥት ውድቀት ያስተማሩን በጎረቤት ከተማችን በጎሬ ምሳሌ ነው። ጎሬ ለምን ደከመች ብለው ሲጠይቁ ከጎሬ የመጡት ልጆች ጎሬ አልደከመችም ብለው ተቆጡ። እሳቸውም ቁጣው እስኪበርድ ጠብቀው፣ ድሮ ቡናው በጋምቤላ በኩል በባሮ ወንዝ በመርከብ ይወርድ እንደነበር፣ ለዚያም ብለው የውጭ ሰዎች ሳይቀሩ በዚያ ኮረብታ ላይ ቢሮ ከፍተው እንደነበር፣ ኋላ የወንዙ ንግድ ሲቀርና የክፍለ ሀገሩ አስተዳደር ወደ መቱ ሲወርድ ከተማዋ ኮረብታዋ ላይ ብቻዋን እንደቀረች ነገሩን። ከዚያ ነው ወደ ሮማ የተሻገሩት። እስከ ዛሬ ስለ ሮማ ሳስብ የሚታየኝ የጎሬ አቀበት ነው።

ሁለት ሕግ ነበራቸው። አንደኛው፣ ክብሪቱን አይታችሁ እንጨቱን አትርሱ የሚል ነው። ጫካ ሲነድ ሰው ሁሉ ክብሪት የጫረውን ይፈልጋል፤ እንጨቱ ለምን ደርቆ እንደቆየ የሚጠይቅ የለም። «ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ» የሚባለው ለዚህ ነው ይላሉ። ሁለተኛው ሕጋቸው በጣም ቀላል ነው፤ ምክንያት ከውጤቱ ቀድሞ ይወለዳል፣ ስለዚህ ከመፍረዳችሁ በፊት የቱ እንደቀደመ አጣሩ። ይህን ሁለተኛውን እንዲህ ያለ ነገርማ ማን ይስታል ብዬ ደብተሬ ላይ እንኳ አልጻፍኩትም።

የአንደኛው የዓለም ጦርነት ላይ ስንደርስ፣ የኦስትሪያን ዙፋን ወራሽ አንድ ወጣት ሳራዬቮ ላይ በጥይት እንደገደለው፣ ገዳዩም የሰርቢያ ወገን እንደነበር፣ በጥቂት ሳምንት ውስጥ አውሮፓ በሙሉ እንደነደደ ነገሩን። እጄን አወጣሁ። ችኩል ነበርኩ፤ አሁንም ነኝ።

«ታዲያ ጉማ ለምን አልከፈሉም?» አልኩ።

ማንም አልሳቀም። ጉማ የደም ካሳ ነው። በእኛ አገር ሰው ሰው ሲገድል የገዳይ ወገን ዝም ብሎ በቀል አይጠብቅም፤ ሽማግሌ ይልካል፣ ለምለም ሣር ይዞ ከሟች ቤተሰብ ፊት ይቀርባል፣ ካሳው ይቆረጣል፣ ደሙ ይደርቃል። የኦሮሞውም፣ የአማራውም፣ የእስላም ነጋዴውም ልጅ ይህን ሲያይ ነው ያደገው። ክፍሉ በሙሉ እውነቷን ነው በሚል ፊት መምህሩን አያቸው። እሳቸው ጠመኔውን አስቀመጡ። እውነትሽን ነው፣ ለምን አልከፈሉም፣ ዓርብ እንጠይቃቸዋለን አሉ።

ዓርብ ከክፍላችን ጀርባ ካለው ዋንዛ ሥር ወሰዱን። ከኋላ ወንበር የሚቀመጡት ረጃጅሞቹ ልጆች ሽማግሌ ሆኑ። የነጋዴው ልጅ ኦስትሪያ ሆነ፤ ጀርመንና ሩሲያ ከየጎኑ ቆሙ። ጥያቄውን ያመጣሁት እኔ ስለሆንኩ ሰርቢያን ሰጡኝ። ኦስትሪያ አሥር ጥያቄ የያዘ ወረቀት አንብቦ የሁለት ቀን ጊዜ ሰጠኝ። ከሽማግሌዎቹ አንዱ ተቆጣ፤ በሁለት ቀን እንኳን ነገር ሊያልቅ ሽማግሌውም አይሰበሰብ አለ። መምህሩ ሳቅ ይዟቸው ፊታቸውን አዞሩ። ደንቡን ያወጡት እሳቸው ናቸው፤ ማንም ሌላው ያደረገውን መናገር አይችልም፤ እያንዳንዱ እኔ ማድረግ ስችል ያላደረግሁት ምንድን ነው የሚለውን ብቻ ነው የሚመልሰው። ጀርመን ኦስትሪያን ረጋ በል ማለት እችል ነበር አለ። ሩሲያ ጦሬን ከማንቀሳቀሴ በፊት መጠየቅ ነበረብኝ አለ። የዚያን ጦርነት መነሻ ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም እንደዚያ አድርጎ ያስረዳኝ መጽሐፍ የለም።

እንደ መጽሐፉ ቢሆን ነገሩ እዚያ ላይ መፍረስ ነበረበት። እኔ ግን ከአጥሩ ሥር ሣር ነጭቼ ኦስትሪያ ፊት ተንበረከኩ። እንደ ወጉ ሦስት ጊዜ ፊቱን አዞረብኝ። ኩሩ ነበር፣ ደግሞ ደስ ብሎታል። በአራተኛው ሣሩን ተቀበለኝ። ደወሉ ተደወለ፣ ክፍሉ አጨበጨበ፣ መምህሩ አላቋረጡንም። እንዴት እንደፈረሰ ሰኞ እነግራችኋለሁ ብቻ ነው ያሉት። ከዚያ ከጨርቅ የተሠራውን ትልቁን የዓለም ካርታቸውን ጠቅልለው አንቺ ጋ ይቆይ ብለው ሰጡኝ። ኩራት ሊገድለኝ ነበር፤ ካርታውን እንደ ሕፃን ታቅፌ ነው ቤቴ የገባሁት።

ሰኞ አልመጡም። ማክሰኞም አልመጡም። በሁለተኛው ሳምንት ለአካባቢው ትምህርት ቤቶች በጋራ የወጣ የሙከራ ፈተና ደረሰ። ከጥያቄዎቹ አንዱ የአንደኛውን የዓለም ጦርነት መንስኤና ፍጻሜ አብራሩ ይላል። የእኛ ክፍል ግማሹ ጦርነቱ በሽማግሌ ቀረ ብሎ ጻፈ። ሰርቢያ ጉማ እንደከፈለች፣ ኦስትሪያ ሣሩን እንደተቀበለች፣ ሁለቱ አገሮች እስከ ዛሬ በሰላም እንደሚኖሩ በዚያች በተሰባበረች እንግሊዝኛችን አብራራን። ከከፈለችው ካሳ ላይ አንዲት ጊደር የጨመረም አለ። እኔ መጽሐፉ ደርሶኝ አንብቤዋለሁ፤ ሚሊዮኖች እንዳለቁ አውቃለሁ። ቢሆንም እርቁን ጻፍኩ። በገዛ እጄ ያመጣሁትን ሰላም በገዛ እጄ ማፍረስ አልቻልኩም።

ወረቀታችን የታረመው ጎሬ ነው፤ እንዳያዳሉ ብለው የአንዱን ትምህርት ቤት ሌላው ነበር የሚያርመው። ውጤቱ ከመድረሱ በፊት ሳቁ በሚኒባስ መቱ ገባ። ሹፌሮች ሳይቀሩ የመቱ ተማሪዎች የዓለም ጦርነትን አስታረቁ እያሉ ይቀልዱብን ጀመር። ርዕሰ መምህሩ በተራ ጠርተው ይህን ማን እንዳስተማረን ጠየቁን። ብልጦቹ ማንም አላስተማረንም፣ መጽሐፉን ስናነብ ተምታቶብን ነው ብለው ወጡ። እኔ ደረቴን ነፍቼ መምህራችን ናቸው ያስታረቁን አልኩ። ርዕሰ መምህሩ የሆነ ነገር ጻፉ። እኔን ከዚያ በኋላ ምንም አልጠየቁኝም።

መምህሩን ዳግም አላየናቸውም። ሌላ መምህር ገባ፤ የቀድሞው ከጎሬ ወዲያ ወዳለችው ኡካ ተዛውረዋል ተባለ። ለምን እንደሆነ ማንም አልነገረን፣ እኔም አልጠየቅሁም፤ አውቀዋለሁ ብዬ ነው። ክብሪቱን የጫርኩት እኔ ነኝ። አፌን ብዘጋ ኖሮ ሰውየው በቦታቸው ነበሩ።

ኋላ እኔም ታሪክ ተማርኩና ተመልሼ በዚያው ክፍል አስተማሪ ሆንኩ። ካርታውን ግድግዳው ላይ ሰቀልኩት፤ ጫፍ ጫፉን ስንት ጊዜ እንደሰፋሁት አላስታውስም። ስለ አብዮቶች፣ ስለ መንግሥታት መነሣትና መውደቅ፣ ስለ ፋብሪካና ስለ ቅኝ ግዛት ምክንያት ስደረድር እውላለሁ። አንደኛው የዓለም ጦርነት ላይ ስደርስ ግን እቸኩላለሁ፤ በሁለት ክፍለ ጊዜ የሚያልቀውን በአንድ እጨርሰዋለሁ። ዝናብ ሲጥል እንደ እሳቸው ጥያቄ ጽፌ ቁጭ እላለሁ። በዚያ ሁካታ ውስጥ ናፍቆቱ ይመጣብኛል። በሩን ከፍተው ዣንጥላቸውን አራግፈው ቢገቡ፣ ሰሌዳው ላይ የጻፍኩትን አይተው ቢያርሙኝ ብዬ እመኛለሁ። የሚያርመኝ ሰው ነው የናፈቀኝ።

ሄጄ ይቅርታ ላለመጠየቅ ያላመካኘሁበት ነገር የለም። አንድ ጊዜ ዝናቡ፣ አንድ ጊዜ መንገዱ፣ ሌላ ጊዜ የልጄ ጉንፋን። አንድ ክረምት ጎሬ ድረስ ሄጄ፣ ሻይ ጠጥቼ፣ ረዳቱ «ኡካ! ኡካ!» እያለ ሲጣራ እየሰማሁ በመጣሁበት ተመለስኩ። ምን ብዬ ፊታቸው እቆማለሁ? ለተማሪዎቼ ስንት ነገሥታት በእልህና በሀፍረት አገር እንዳጠፉ የማስተምረው ሰው ያቺን ታህል መንገድ ፈርቼ ቀረሁ።

ዘንድሮ ኦስትሪያ ሱቁ ጠራኝ። ጎሬ ገበያ ላይ መምህሩን አግኝቷቸዋል። አርጅተዋል፣ ግን ደህና ናቸው፤ ዣንጥላ ሊገዙ ነው የመጡት አለኝ። ደግሞ ስለ አንድ ሰው ብቻ ነው የጠየቁት።

«ሰርቢያ ደህና ናት ወይ? አሉኝ» አለ።

በማግስቱ ቅዳሜ ነበር። ሌሊቱን እንዴት እንዳሳለፍኩት እኔ ነኝ የማውቀው። ጠዋት ተሳፍሬ ኡካ ወረድኩና አጠያይቄ፣ ከቤታቸው በታች ከአጥሩ ሥር አንድ እፍኝ ለምለም ሣር ነጨሁ። ሰው ቢያየኝ ይሳቅብኝ ብዬ ነው፤ አርባ የሞላት መምህርት እንደ ገዳይ ወገን ሣር ይዛ አቀበት ትወጣለች። ቤታቸው ከቡና ተክል መሃል ነው፤ ዛፎቹ ላይ የንብ ቀፎ ሰቅለዋል። ደጃፉ ላይ ወንበር ይዘው ተቀምጠው ነበር። ከስተዋል። ሳያዩኝ አወቅኋቸው፤ ጣታቸው ጠመኔ እንደያዘ ሰው ነው አሁንም።

ጉልበቴ እንደ ዱሮው ባይታዘዝም ተንበረከክሁ።

«ጋሼ፣ ከመቱ ያስነሣሁዎት እኔ ነኝ» አልኳቸው።

ሣሩን አዩ፣ እኔን አዩ፣ ካርታቸውን የሰጡኝ ቀን እንዳዩኝ አድርገው።

«ማሊፍ?» አሉ።

ሁሉንም ነገርኳቸው። ፈተናውን፣ የጎሬን ሳቅ፣ ርዕሰ መምህሩ ፊት የተናገርኩትን። እንባዬ ይወርድ ነበር፣ አላፈርኩበትም። አላቋረጡኝም። ስጨርስ እንደ ክፍል ውስጥ ቀስ ብለው ጠየቁኝ።

«ካርታውን መቼ ነው የሰጠሁሽ?»

«ዋንዛው ሥር የታረቅን ቀን። ዓርብ።»

«ፈተናውስ?»

«በሁለተኛው ሳምንት።»

«ታዲያ ሰኞ የሚመለስ መምህር ካርታውን ለተማሪ ያስረክባል?»

ያ ካርታ ከጀርባዬ ተሰቅሎ ስንት ዓመት አስተምሬያለሁ። ተማሪ እንዲህ ያለ መልስ ቢጽፍልኝ ዜሮ ነበር የምሰጠው።

ያን ጊዜ ነው የነገሩኝ። አባታቸው በዚያ ክረምት ሞተው ነበር፤ እናታቸው ብቻቸውን ናቸው፣ ቡናው ለቃሚ አጥቶ ይረግፋል። ዝውውሩን የጠየቁት ራሳቸው ናቸው፤ ደብዳቤው የደረሳቸው በዚያው ዓርብ ጠዋት ነው። እዚያው ዋንዛው ሥር ሊሰናበቱን አስበው ነበር፤ ስናጨበጭብ ሲያዩ አቃታቸው። የፈተናውንም ነገር የሰሙት ቆይተው፣ ኡካ ገበያ ላይ ነው፤ ከሳቁም ከመጸጸቱም የቱ እንደበለጠባቸው አያውቁም።

«የመጨረሻ ክፍለ ጊዜዬ ነበር» አሉ። «በጦርነት ልጨርሰው አልፈለግሁም።»

ስለዚህ የሄዱት እኛ ስለተሳሳትን አይደለም፤ የተሳሳትነው እሳቸው ስለሄዱ ነው። የሃያ ዓመት ሸክም እንዲህ በአንድ ጊዜ ሲወርድ ደስ ይላል ብዬ ነበር የማስበው። የተሰማኝ ግን ሌላ ነው። በደሉ ከሌለ እስከ ዛሬ ሳልመጣ ለመቅረቴ ምንም ምክንያት የለኝም።

እሳቸውም በየዓመቱ ለአንዳንድ ጉዳይ መቱ ብቅ ይሉ እንደነበር ነገሩኝ። የትምህርት ቤቱ በር ላይ ይደርሳሉ፤ ሳይሰናበቱ የጣሏቸው ልጆች ተቀይመዋል ብለው አልፈው ይሄዳሉ። እኔ ውስጥ፣ እሳቸው አጥሩ ሥር። አንድ ቀን አንዳችሁ ትመጡ ይሆናል እያሉ ጠብቀዋል።

«ከመቱ እዚህ መኪናው ስንት ሰዓት ፈጀብሽ?» አሉኝ።

«ግማሽ ቀንም አልፈጀ።»

«ግማሽ ቀን» አሉ።

ሚስታቸው ከውስጥ ግቡ እንጂ እያሉ ይጣራሉ። መምህሩ እጃቸውን ዘርግተው ሣሩን ተቀበሉኝ። ፊታቸውን አንድ ጊዜ እንኳ አላዞሩብኝም። ከዚያ ሣሩን በሁለት ከፈሉትና፣ ወንበራቸውን ተደግፈው ብድግ አሉ፣ ግማሹን እሳቸውም በተራቸው በሁለት እጃቸው ይዘው ወደ እኔ ዘረጉልኝ።